ሸጦ ይሆናል

ባለፈው ክረምት ለዘመድ ቀብር ጎንደር ወጥቼ ነበር። ግብአተ መሬቱ እንዳለቀ ዝናቡ ድንገት ወረደና እኛ ሴቶች ነጠላችንን እየሰበሰብን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጣሪያ ሥር ተጠጋን። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የረጠበ ቆዳ፣ የጧፍና የአይጥ ሽታ ተቀላቅሎ ወጣ። መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ ማኅደር ክረምት ሲገባ እንዲህ ይሸታል። አጠገቤ የቆመችው ሴት ፊቴን አይታ «ምነው፣ አመመሽ?» አለችኝ። «ብርዱ ነው» አልኳት። ብርዱ አልነበረም። በልጅነቴ በዚህ በር ምክንያት ቤታችን ውስጥ ማንም ማንንም ሳያምን አንድ ክረምት ከርመናል።

አባቴ መሪጌታ ይትባረክ በዚያ ደብር የማኅሌቱ መሪ ነበር። ጣልያን ከወጣ ብዙም አልቆየ፤ አራዳ ላይ የሠራቸው ቤቶች ቀለም ገና አልለቀቀም። እኔ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቴ ነው። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው እኔን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስገባኝ። ይህንንም የደብሩ ሰዎች አልወደዱለትም። «ሴት ልጅ ፊደል ብትቆጥር የት ልትቀድስ ነው?» ይሉ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ግን አይሉትም።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ አንዲት ፈረንሳዊት መጣች። ቀጭን ናት፤ ዕድሜዋ ከእናቴ ከፍ ይላል፤ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣ ዝናብም ፀሐይም ቢሆን ጥቁር ጃንጥላ ትይዛለች። የግዕዝ መጻሕፍት ነበር የምታጠናው። ከተማው ሁሉ «ማዳም» ይላታል፤ ሌላ ስም እንዳላትም የጠየቀ የለም። የደብሩ አለቃ ወደ አባቴ መሯት። ውላቸው አጭር ነበር። እሱ ግዕዝ ያስተምራታል፣ እሷ ፈረንሳይኛ ታስተምረዋለች።

እናቴ ነገሩን የሰማች ዕለት ጥጥ እየባዘተች ነበር። እጇን ሳታቆም «ምነው መሪጌታ፣ ግዕዙ አልበቃ ብሎዎት ነው?» አለችው።

«መጻሕፍታችን በባሕር ማዶ ተከማችተዋል ይባላል» አለ አባቴ። «ስለ እነሱ ምን ብለው እንደጻፉ በገዛ ዓይኔ ማንበብ እሻለሁ።»

«እርስዎ እነዚያን ሲያነቡ እሷ የቀሩትን ትቆጥራለች» አለች እናቴ።

ማዳም ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ እየመጣች በቤታችን በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። አባቴ መደብ ላይ፣ እሷ በርጩማ ላይ፣ እኔ ደጃፉ ላይ። እናቴ ደግሞ እንዝርቷን ይዛ ከሁለቱ መካከል ትቀመጥ ነበር። ዳር ላይ ብዙ ቦታ እያለ መካከላቸው። ምን እንደምትጠብቅ ያን ጊዜ አይገባኝም፤ ፈትሉ እዚያ ጋ ጥሩ ብርሃን የሚያገኝ ይመስለኝ ነበር።

ማዳም አማርኛ የተማረችው ከመጽሐፍ ነው። እንደ አዋጅ ትናገራለች። «እነሆ ዛሬ ስለ ግስ እንማራለን» ስትል እኔ ሣቄን በነጠላዬ እይዛለሁ። ከቦርሳዋ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ አውጥታ ታነባለች፣ አባቴም ይከተላታል። ያ ዓርብ ትዝ ይለኛል፤ ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት፣ ደመናው ገና እየተሰበሰበ ነበር። «ዦሬ ፓርሌ» ትላለች ማዳም። «ዦሬ ፓርሌ» ይላል አባቴ፣ በዜማ እየሳበው። «ቱ ኦራ ፓርሌ። ኢል ኦራ ፓርሌ። ኑዞሮን ፓርሌ። ቩዞሬ ፓርሌ።»

እናቴ እንዝርቷን አቆመች። ፈረንጇ ስትሄድ ጠብቃ አባቴን ጠየቀችው።

«ማንን ነው የምትጠራው?»

«ማንም አልተጠራ።»

«ኑ ዙሩን፣ ኑ ዙሩን ስትል ሰምቻለሁ። እርስዎም አብረው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ቤት ውስጥ ማን መጥቶ ነው የሚዞረን?»

አባቴ ሣቀ፤ ግን እንደ ተማሪ አስቀምጦ አስረዳት። ኑዞሮን ማለት «እኛ» ነው፣ ቩዞሬ «እናንተ» ነው፣ ጋኔን የለበትም። እናቴ ሰምታ አበቃች። በማግስቱ ግን በረንዳውን ጠበል ረጨችው።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። ማዳም ያን ግስ ስታስረዳ ለእኔም እንዲገባኝ ወደ ደጃፉ ዞራ ነበር የተናገረችው። «ይህ ነገር ገና አልሆነም» አለች። «ነገር ግን ስናስበው ያለቀ ነው። ዝናብ ሳይመጣ እኔ ገብሴን ሸጬ እሆናለሁ። ይገባሻልን?»

«ትንቢት ነው» አለ አባቴ፣ ዓይኑ በርቶ። «ግን ኃላፊ፣ ያለፈ ጊዜ ነው። ነቢይ ገና የሚሆነውን እንደሆነ አድርጎ ሲናገር ማለት ነው። ሸጋ ነገር ነው ይሄ።»

ሦስት ግስ ሰጠችው። ፓርሌ መናገር ነው። ፊኒር መጨረስ ነው። ቫንድር መሸጥ ነው። እነዚህን ሦስቱን ያረባ ሌላውን ሁሉ ያረባል አለችው። አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣም ሲወርድም ከንፈሩ አያርፍም። መቋሚያውን መሬት ላይ እየመታ «ዦሬ ፓርሌ፣ ዦሬ ፊኒ፣ ዦሬ ቫንዲዩ» ይላል። ምሳውን ተሸክሜ ከኋላው ስከተል እኔም በልቤ እቆጥራለሁ። ተናግሬ እሆናለሁ፣ ጨርሼ እሆናለሁ፣ ሸጬ እሆናለሁ።

አንድ ማክሰኞ ማዳም ስትፈትነው «እናንተ» የሚለው ላይ ደረሰና ጠፋበት። ዓይኑን ጨፈነ፣ ጺሙን ሳበ፣ አልመጣለትም። እናቴ ቀና ሳትል፣ ከእንዝርቷ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ «ቩዞሬ ቫንዲዩ» አለች። ማዳም እጇን አጨብጭባ ሣቀች። እናቴ አልሣቀችም። የሚነገረው ሁሉ እየገባት እንደሆነ እንዲያውቁት ብቻ ነበር የፈለገች።

በዚያው ወራት አባቴ ማዳምን ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዳት። እኔም አብሬ ነበርኩ። የደብሩ ጥንታዊ ተአምረ ማርያም፣ ባለ ሥዕሉ፣ የሚወጣው በሁለት በዓል ብቻ ነው፣ ኅዳርና ሰኔ። ቁልፉ በቄሰ ገበዙ በቄስ ደምሌ እጅ ነው። ቄስ ደምሌ ደግ፣ ፈሪ፣ ሲናገሩ የሰው ፊት የማያዩ ሰው ነበሩ። ሣጥኑን ከፍተው ማኅደሩን አወጡ። አባቴ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ገለጠላት። የእመቤታችን ፊት ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ ብቅ አለ። ማዳም ወርቅ ያየች ያህል ፊቷ ተለወጠ። ጣቷን ወደ ሥዕሉ አስጠጋችና ሳትነካው መለሰችው። «በእኛ አገር» አለች፣ «ይህን ከመስተዋት ውስጥ እናኖረው ነበር። እዚህ አይጥ ይበላዋል።»

ቄስ ደምሌ ሰሙ። እኔም ሰማሁ። አባቴ «የእኛ አይጥ ጿሚ ነው» ብሎ ቀለደ፣ ማንም አልሣቀም።

ከዚያ ሰኔ ማርያም ደረሰች። ሕዝቡ ከቅዳሴ በፊት ቅጥሩን ሞልቶ ቆሟል። መጽሐፉ በጥላ ታጅቦ ሊወጣ ነው። ቄስ ደምሌ ወደ ዕቃ ቤቱ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ እጃቸው ባዶ ነበር፣ ፊታቸውም አመድ መስሏል። አለቃው ጆሮ አጠገብ ሄደው አንሾካሾኩ። ሌላው፣ ሥዕል የሌለው መጽሐፍ ወጣና ተነበበ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ዳር የቆሙት ሽማግሎች ግን አንድ በአንድ ወደ አባቴ ዞሩ።

ቄስ ደምሌ የተናገሩት በማግሥቱ በከተማው ሁሉ ተሰማ። «ሣጥኑን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈትኩት መሪጌታ ፈረንጇን ይዘው የመጡ ዕለት ነው።» ሌላ ምንም አላሉ። ሌላ ማለትም አላስፈለጋቸው።

ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። የአባቴ ተማሪዎች ግማሾቹ ቀሩ፤ እናቶቻቸው ታመዋል ብለው ላኩ። እናቴ በጎረቤቶቹ ፊት «የእኔ ባል የእመቤቴን ዕቃ አይነካም» ትላለች፤ ቤት ስትገባ ግን የልብሱን ጠረን ታሸታለች። አባቴ ከአራዳ ከዘገየ «ከእሷ ጋር ነበሩ?» ትለዋለች። የእሷ ጥርጣሬ ስለ መጽሐፉ እንዳልነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

እኔ ግን ያለ ጥርጥር አውቄዋለሁ ብዬ ነበር። ከቤቱ ሰው ሁሉ ፈረንሳይኛውን ትርጉሙን ይዤ የሰማሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ይናገራል፣ ከዚያ ይጨርሳል፣ ከዚያ ይሸጣል። ነገሩ በደረጃ ነው የተቀመጠው። አባቴ በአደባባይ፣ በቤተ ክርስቲያን መንገድ ላይ፣ የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ ሲናገር ከርሟል፤ ማንም አልሰማውም። ዝናብ ሳይመጣ ሸጬ እሆናለሁ ብላም አልነበር ማዳም? ዝናቡ መጣ። መጽሐፉም የለም። ለእናቴ አልነገርኳት። ማታ እራት ላይ አባቴ እንጀራውን ቆርሶ ሲያጎርሰኝ እጁን አያለሁ። ያው የለመድኩት እጅ ነው፤ ጣቶቹ ላይ ቀለም አለ። እጎርሳለሁ።

ሐምሌ እንደገባ አባቴ በደብሩ ጉባኤ ፊት ተጠራ። ከቅጥሩ ውስጥ ትልቁ ወይራ ሥር ካህናቱ ተቀምጠዋል፤ እኛ ሴቶችና ልጆች ከደጀ ሰላሙ አጥር ጀርባ ቆመናል። አለቃው ብዙ አልተናገሩም። «ምስክር አለ» ብለው አያ ሞላን ጠሩ። አያ ሞላ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በጣልያን ዘመን ሸሽቶ ጅቡቲ ኖሯል፣ ፈረንሳይኛ እዚያ ለቅሟል።

አያ ሞላ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። መናገሩ ደስ ያለው አይመስልም ነበር። «እኔ በመሪጌታ ላይ ክፉ አላውቅም» አለ። «ግን በግንቦት መጨረሻ መኪናዬን ሳጥብ ባጠገቤ አለፉ። በፈረንሳይ አፍ እየተናገሩ ነበር። ሸጬ እሆናለሁ፣ ሸጠን እንሆናለን፣ ሸጠው ይሆናሉ ይላሉ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግመው ነው። ዝም ልል ነበር፤ መጽሐፉ ሲጠፋ ግን ዝም ማለቱ ኃጢአት መሰለኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። እናቴ አጥሩን ያዘች። እኔ ምስጢሬ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ሰማሁ፤ እንግዲህ እውነት ነው፣ ትልቅ ሰውም አውቆታል ማለት ነው።

አባቴ ተነሣ። «አያ ሞላ የሰማው እውነት ነው» አለ። «እንደዚያ ብያለሁ። ዛሬም ጧት ብያለሁ።»

ወደ ተቀመጡት ካህናት ዞረ።

«አባቶቼ፣ የፈረንሳይ መምህራን ግስ የሚያስጀምሩበት ሦስት ቃል አላቸው። መናገር፣ መጨረስ፣ መሸጥ። እኔም እነሱን ሳረባ ነው አያ ሞላ የሰማኝ። እንግዲህ እኔም ልጠይቅ። እኛ ተማሪን ግስ የምናስጀምረው በምንድን ነው?»

አንድ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ «በቀተለ ነዋ» አሉ።

«ቀተለ፣ ገደለ። ይቀትል፣ ይገድላል። ይቅትል፣ ይግደል» አለ አባቴ። «እዚህ ከተቀመጡት ከልጅነታቸው ጀምረው ጧት ማታ ገደለ፣ ይገድላል ሲሉ ያላደጉ ማን ናቸው? እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ለሰው ልጅ መግደል ሳስተምር ኖሬ እስከዛሬ ማንን ገደልኩ?»

መጀመሪያ የሣቁት ሽማግሌው ናቸው። ከዚያ ሣቁ ወይራውን ዞረ። አያ ሞላም ባርኔጣውን አፉ ላይ ይዞ ሣቀ። ከአጥሩ ጀርባ አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ ተወችው። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። ግስ ነው። ግስ ብቻ ነው።

አለቃው ግን አልሣቁም። ሣቁ እስኪያልቅ ጠብቀው «ግሱስ ይሁን» አሉ። «መጽሐፉስ የት ነው፣ መሪጌታ?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ቅድም እንደ ደወል ሲናገር የነበረው ሰው ድምፁ ወረደ። «አላውቅም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ውሸታም ልጅ እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ አየሁት፣ እናቴም አየችው፣ ካህናቱ ሁሉ አዩት። ቄስ ደምሌ ብቻ ወደ ሌላ ይመለከቱ ነበር። አለቃውም «እንግዲያው መጽሐፉ እስኪገኝ መቋሚያዎን ያኑሩ» ብለው ፈረዱ። አባቴ መቋሚያውን ወይራው ላይ አስደግፎ ባዶ እጁን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ረጅም ነበር። አባቴ እሑድ ከምእመናኑ ጋር ከኋላ ቆሞ ያስቀድሳል፤ እሱ ያስተማረው ልጅ እሱ የሚመራውን ዜማ ሲስት ከንፈሩን ይነክሳል። ፈረንሳይኛውን ተወው። ለማዳም «ታምሜአለሁ» ብሎ ላከባት። እሷም መዝገበ ቃላት አውሳው ነበርና እሱን እንድመልስ አራዳ ላከኝ። የምትኖረው ጣልያን ከሠራቸው ቤቶች በአንዱ ነው። ከደጃፉ ተቀበለችኝ፤ ከኋላዋ ክፍሉ ይታያል። ስመለስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«ስንት ሣጥን አላት?» አለኝ።

«ሁለት። አንዱ ተቆልፏል።»

«የተጠቀለለ ነገር አላየሽም? ቆዳ የመሰለ?»

«ጠረጴዛ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል አየሁ።»

ክንዴን ያዘኝ። «ብራና ነው ወረቀት?»

«ከሩቅ ነው ያየሁት፣ አባዬ።»

ለቀቀኝና ገብቶ መደቡ ላይ ተኛ። እኔ ያን ጊዜ የተረዳሁት እንዲህ ነው። የሸጠው ዕቃ በደህና መቀመጡን ነው የጠየቀኝ አልኩ። ወይራው ሥር የወረደልኝ ድንጋይ ተመልሶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

ማዳም አንድ ቀን በዶፍ ዝናብ ራሷ መጣች። ጃንጥላዋ ውኃ ያንጠባጥባል፣ ጫማዋ ጭቃ ሆኗል። አባቴ ከጓዳ «የለም በያት» አለኝ በሹክሹክታ። ወጥቼ የለም አልኳት። ማዳም በረንዳው ላይ የተቀመጠውን የአባቴን ጫማ አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «መልካም ነው» አለች፣ «እግዚአብሔር ይማረው።» ስትሄድ እናቴ ከመስኮቱ ታያት ነበር። ብዙ ወራት በክፉ ዓይን ስታያት የነበረችው ሴት ዝናቡ ውስጥ እስክትጠፋ ድረስ ቆማ ቀረች። «ምን አደረገችዎ?» አለችው ወደ ጓዳው ዞራ።

በነሐሴ ማዳም ወደ አሥመራ በሚሄድ መኪና ልትሳፈር ነው ተባለ፤ ከዚያ በመርከብ ወደ አገሯ። አባቴ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። እናቴ ዳቦ ቆሎ ጠበሰችና በጨርቅ ቋጥራ «መንገደኛ ናት፣ አድርሺላት» ብላ ላከችኝ። ማዳም ቋጠሮውን ተቀብላ ለእኔ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ፤ ለአባትሽ ነው አለችኝ።

ቤት ወስጄ እናቴ ፈታችው። ሥዕል ነው። ያቺው እመቤታችን፣ በቢጫና በሰማያዊ፣ ከሩቅ ያየኋት ሥዕል። ወረቀት ነው። ማዳም ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያየችውን በቃሏ ይዛ ቤቷ የሣለችው ነው። እናቴ «እጇ የተባረከ ነው» አለች፣ ከአንጀቷ። አባቴ ግን ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ መረመረና «ግልባጩን ለእኛ ተወችልን» ብቻ አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ዝናቡ ከቆመ በኋላ፣ የመስከረም ማርያም ዕለት፣ ከማኅሌቱ በፊት ሕዝቡ ቅጥሩ ውስጥ እንደተሰበሰበ አንድ ባላገር በቅሎውን ከደጀ ሰላሙ አስሮ ገባ። እስከ ጉልበቱ የደንቢያ ጥቁር ጭቃ ደርቆበታል። በነጭ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር በደረቱ አቅፎ፣ መሬቱን ስሞ፣ በቀጥታ ወደ አለቃው ሄደ። ጋቢውን ሲገልጠው ባለ ሥዕሉ ተአምረ ማርያም ነበር።

«እመቤቴ ምራልኛለች» አለ ሰውየው፣ ሁሉም እየሰማ። «ሚስቴ በወባ ልትሞት ነበር። ወንድሟ ቄሰ ገበዙ ሰኔ እንደገባ ይህን መጽሐፍ ቆላ ድባ ድረስ ላኩልን፤ በራስጌዋ ተነበበላትና ይኸው ዳነች። ቶሎ እንዳልመልሰው የመገጭ ወንዝ ሞላብኝ። ስለዘገየሁ ይቅር በሉኝ።»

የሚናገረው ሰው ምን እንደሠራ አያውቅም ነበር። ቄስ ደምሌ ከካህናቱ መካከል ወጡ። ከቅጥሩ ጥግ አንድ ድንጋይ አንሥተው በትከሻቸው ተሸከሙና አባቴ እግር ሥር ተደፉ። «ፈርቼ ነው፣ መሪጌታ» አሉ። «ሳላስፈቅድ ነበርና የላክሁት ፈራሁ። እያንዳንዱን ቀን ነገ እናገራለሁ እያልኩ ከረምኩ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረደ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» አለ። ቶሎ አለው፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው እንደሚለው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ እናቴ ከሁሉም በላይ ጮኻ እያለቀሰች እልል ትላለች። አለቃው መቋሚያውን በገዛ እጃቸው አምጥተው ሰጡት። ካህናቱም ወደ ውስጥ ገቡ፤ እሱ የሚመራው ማኅሌት ሊጀመር ነው።

አባቴ ግን አልገባም። ከደጀ ሰላሙ ውጪ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ደስ አላለህም፣ አባዬ?»

«እሷ የወሰደችው መስሎኝ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ማዳም። ከሰኔ ጀምሮ። እነሱ እኔን ሲጠረጥሩ እኔ እሷን እጠረጥር ነበር። ሣጥኑን ያስከፈትኩላት እኔ ነኝ። ሌባ በገዛ እጄ ያስገባሁ መሰለኝና አፌ ተሳሰረ።» መቋሚያውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ አገጩን ደገፈበት። «እዚያ አራዳ ስትሳፈር ቆመሽ ነበር አይደለም? ምን አለች?»

ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ዳቦ ቆሎውን ያደረስኩላት ዕለት ነው። መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ይንቀጠቀጣል። ማዳም ከነጃንጥላዋ ቆማ ከቤታችን የሚመጣውን መንገድ ታያለች። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ አልተንቀሳቀሰችም። አባትሽ አይመጣምን አለችኝ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ በአገሯ ቋንቋ አንድ ነገር ተናግራ ተሳፈረች።

«ኢል ኦራ ኡብሊዬ ነው ያለችው» አልኩት። «ኡብሊዬ መርሳት ነው፣ አውቀዋለሁ። ግሱ ያው የትንቢቱ ነው። አንድ ቀን ረስቶ ይገኛል ማለቷ ነው?»

አባቴ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ድምፅ ሳያወጣ ሲያረባው አየሁት፣ ከእኔ እስከ እነሱ። ሲጨርስ ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

«ትንቢት አይደለም» አለ። «እኛም እኮ እንደዚያው እንላለን። ያላየነውን ስንገምት። እኔ ሰርቃ ይሆናል ስል እሷ ረስቶ ይሆናል አለች።»

ከውስጥ ከበሮው አንድ ጊዜ ተመትቶ ቆመ። አንድ ዲያቆን በሩ ላይ ብቅ ብሎ «የኔታ፣ እርስዎን እየጠበቁ ነው» አለ።

«መጣሁ በላቸው» አለ አባቴ፤ ከድንጋዩ ላይ ግን አልተነሣም።